ዘንጉ ሳይጸና ኮርቻው አይቀናም

ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሃል ከተማ በሳይክል የሚመላለስ ሰው ስለ ኮርቻው የሚያሰማው ሮሮ ተመሳሳይ ነው። ይቆረቁራል፣ ያደነዝዛል፣ ወደ ፊት ያንሸራትታል፣ ጉልበት ያሳምማል። የሚወሰደውም እርምጃ ያው ነው፤ የኮርቻውን አፍንጫ ወደ ታች ማዘንበል፣ ካልሆነም ወፍራም ስፖንጅ ያለው ሌላ ኮርቻ መግዛት። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የኮርቻው አይደለም። ወይ ኮርቻውን የሚሸከመው ዘንግ ለፍሬሙ ልክ ስላልሆነ ቀስ በቀስ እየሰመጠ ነው፣ ወይ ከፍታው ተሳስቷል፣ ወይ ኮርቻው ከሚገባው በላይ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሄዷል። አፍንጫውን ማዘንበል ሕመሙን ከመቀመጫ ወደ እጅ ያዛውረዋል እንጂ አያድነውም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ዘንጉ፣ ቀጥሎ ከፍታው፣ ከዚያ የፊትና የኋላ ቦታው፣ በመጨረሻ ዘንበልታው። አንዱ ሲነካ የሚቀጥለው ይለወጣል። ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ የሚሠራ ሰው ሲያስተካክልና ሲያፈርስ ይውላል።

ዘንጉ ለፍሬሙ ልክ ነው ወይ?

የኮርቻ ዘንግ ውፍረት አንድ ዓይነት አይደለም። ማርሽ በሌላቸው ከባድ የብረት ሳይክሎችና በርካሽ የተራራ ሳይክሎች ላይ 25.4 ሚሊ ሜትር ብዙ ጊዜ ይገኛል። ከውጭ ተጠቅመውባቸው በሚመጡ የመንገድ ሳይክሎች ላይ 27.2 የተለመደ ነው። አዳዲስ የአሉሚኒየም የተራራ ሳይክሎች 30.9 ወይም 31.6 ይይዛሉ። በእነዚህ መካከል ደግሞ 26.4፣ 26.8፣ 27.0 እያለ በ0.2 ሚሊ ሜትር ልዩነት የሚሄድ ረጅም ዝርዝር አለ። 27.0 እና 27.2ን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ፍሬሙ ግን ይለያቸዋል።

ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በዘንጉ የታችኛው ክፍል፣ ዝቅተኛውን የመግቢያ ልክ ከሚያሳየው ምልክት አጠገብ ተመቶ ይገኛል። ከጠፋ በካሊፐር ይለካ። ካሊፐር የሌለው ሰው ዘንጉን ይዞ ወደ ማንኛውም ቶርኖ ቤት ቢሄድ በደቂቃ ይለኩለታል። ዘንጉን በሁለት አቅጣጫ ለኩ፤ ያረጀ ዘንግ ማጥበቂያው (ዘንጉን በፍሬሙ ቱቦ አፍ ላይ የሚያጠብቀው ቀለበት) ከሚይዘው ቦታ ላይ ሞላላ ሆኖ ሊሆን ይችላል። የፍሬሙን ቱቦ ስትለኩ ደግሞ አፉ ላይ ብቻ አትለኩ። አፉ ለዓመታት ሲጠብቅ ኖሮ ጠቦ ሊሆን ስለሚችል ዘንጉን ለማጥበቅ ሲባል ሆን ተብሎ በአፉ ላይ ከተተወው ስንጥቅ በታች ያለው ልክ ነው የሚታመነው።

ልኩ የሆነ ዘንግ ግሪስ ተቀብቶ ማጥበቂያው ሲላላ በእጅ ግፊትና በትንሽ ማሽከርከር ይገባል፤ ገብቶም አይወዛወዝም። መዶሻ የሚፈልግ ከሆነ ወፍሯል። በመዶሻ የገባ ዘንግ ቱቦውን ከስንጥቁ ግርጌ ጀምሮ ይሰነጥቀዋል፤ ያ አዲስ ስንጥቅ ደግሞ በብየዳ በቀላሉ የሚድን አይደለም። የቀጠነ ዘንግ ምልክቱ ሌላ ነው፦ ማጥበቂያው ሲጠብቅ የፍሬሙ ስንጥቅ ሙሉ በሙሉ ይገጥማል፣ ብሎኑ ይጎብጣል፣ ዘንጉ ግን አሁንም ይሰምጣል። እዚህ ላይ ብሎኑን ይበልጥ ማጥበቅ ዋጋ የለውም። የስንጥቁ ከንፈሮች ከተገናኙ በኋላ የምትጨምሩት ኃይል ሁሉ የሚያርፈው ብሎኑ ላይ ነው።

ልዩነቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ የተቆረጠ አንድ ዙር ይበቃል። የቆርቆሮው ግድግዳ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዘንጉ ዙሪያ ሲጠመጠም ውፍረቱን በ0.2 ይጨምራል። ጫፎቹ እንዳይደራረቡ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ቁመቱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ላይኛውን ጠርዝ ደግሞ ወደ ውጭ በጥቂቱ እጠፉት፤ አለበለዚያ ሸርተት ብሎ ቱቦው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በላይ ለሆነ ልዩነት ግን ቆርቆሮ ማነባበር አልመክርም። ንብርብሮቹ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። የ25.4 ዘንግን በ27.2 ፍሬም ለመጠቀም ግድግዳው 0.9 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ቀለበት በቶርኖ ማስወጣት ይቻላል። ቀለበቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ቦታ ላይ መሰንጠቅ አለበት፤ ሲገባም ስንጥቁ ከፍሬሙ ስንጥቅ ጋር ይገጣጠም። ትክክለኛው ዘንግ ከተገኘ ግን ከሁሉም የሚሻለው እርሱን መግዛት ነው።

ስንት ሴንቲ ሜትር ይግባ?

በዘንጉ ላይ ያለው ዝቅተኛ የመግቢያ ምልክት ከፍሬሙ ውጭ ከታየ ሳይክሉ አይነዳ። ምልክቱ ከሌለ ወይም ዘንጉ ከሥር ተቆርጦ ከሆነ ቢያንስ የውፍረቱን ሁለት ተኩል እጥፍ አስገቡ፤ ለ25.4 ይህ 6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ለ27.2 ደግሞ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ዝቅተኛው ነው። ኮብልስቶንና ኮረኮንች ለሚበዛባቸው የከተማ ዳር ሰፈሮች 10 ሴንቲ ሜትር ብታስገቡ ደስ ይለኛል። በተጨማሪም የዘንጉ ጫፍ የፍሬሙ አግድም ቱቦ ከቀዋሚው ጋር ከተበየደበት ቦታ በታች መውረድ አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ወደ ውጭ የወጣው ዘንግ ረጅም ክንድ ነው፤ ውስጥ የቀረው ባጠረ ቁጥር በሁለቱ ጫፎቹ ላይ የሚያርፈው ኃይል ይበዛል። ጫፉ ከብየዳው በላይ ከቆመ ያ ሁሉ ኃይል የሚያርፈው ድጋፍ በሌለው ቀጭን ቱቦ ላይ ነው።

ይህ ችግር በብዛት የሚታየው ረጅም ሰው ትንሽ ፍሬም ሲነዳ ነው። ብዙ ሳይክሎች 30 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ዘንግ ይዘው ይመጣሉ። መፍትሔው ያንን ዘንግ እስከ መጨረሻው መሳብ አይደለም፤ 35 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መግዛት ነው። በተቃራኒው «ያድግበታል» ተብሎ ለልጅ በተገዛ ትልቅ ሳይክል ላይ ዘንጉ እስከ መጨረሻ ወርዶም ከፍ ሊል ይችላል። ዘንጉ ከውስጥ የሚነካ ነገር ካለ ከሥሩ በብረት መጋዝ ይቆረጣል፤ ጠርዙ በሞረድ ይለሰልስ፣ ከመቆረጡ በፊት ግን አዲሱ ዝቅተኛ የመግቢያ ልክ ተለክቶ ምልክት ይደረግበት። ኮርቻው ወርዶም ልጁ መሬት ካልደረሰ ያ ሳይክል ገና የእርሱ አይደለም።

ማስገባትና ማጥበቅ

ዘንጉን ከማውጣታችሁ በፊት የነበረበትን ከፍታ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። በሚስማር መጫር ግን ክልክል ነው፤ ከተጫረበት መስመር ላይ ነው ኋላ ስብራት የሚጀምረው። የቱቦውን ውስጥ በእንጨት ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ ጥረጉ። ዝገት ካለ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ብረት በብረት ወይም አሉሚኒየም በብረት ከሆነ ስስ ግሪስ በዙሪያው ይቀባ። ግሪስ ዘንጉን ያንሸራትታል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ልኩ የሆነ ዘንግ በግሪስ ምክንያት አይሰምጥም። ካርቦን የሆነ ዘንግ ወይም ፍሬም ላይ ግን ግሪስ አይቀባም፤ ለእርሱ የተዘጋጀ ሸካራ ቅባት አለ፣ ያ ከሌለ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ይግባ።

የፍሬሙ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ያያል። ክረምት ላይ የኋላ ጎማው የሚረጨው ጭቃና ውሃ በቀጥታ እዚያ ይገባል፣ በቱቦው ወርዶም የፔዳሉ መሃል ዘንግ በሚዞርበት ቤት ይጠራቀማል። የዚያ ቤት ኩሽኔታዎች ከወቅታቸው በፊት የሚያልቁት በዚህም ምክንያት ነው። መከላከያው ያለ ወጪ ይገኛል፦ ከአሮጌ ካላማዳሪ 5 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ እንደ ቀለበት ቆርጣችሁ ዘንጉ ላይ አጥልቁና ዘንጉ ወደ ፍሬሙ ከሚገባበት ጠርዝና ስንጥቅ ላይ ጎትታችሁ አልብሱት። ማጥበቂያውን ቀለበት ስታስገቡ የራሱ ክፍተት ከፍሬሙ ስንጥቅ በተቃራኒ ቢሆን ኃይሉ በቱቦው ዙሪያ በእኩል ይከፋፈላል፤ አንዳንዱ ቀለበት ግን ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ቅርጹን አይታችሁ ወስኑ።

ማጥበቂያው ላይ የተጻፈ ቁጥር ካለ እርሱ ይከበር፤ ለአነስተኛ ብሎን አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ኒውተን ሜትር ነው። የኃይል መለኪያ ቁልፍ በየቤቱ አይገኝምና በእጅ ለመገመት ይህን ያዙ፦ ከብሎኑ መሃል 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ 5 ኪሎ በሚያህል ኃይል የተጫነ ቁልፍ 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሰጣል። 5 ኪሎ ስንት እንደሚከብድ ለማወቅ አምስት ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን በአንድ እጅ አንሱ። ከጠበቀ በኋላ ኮርቻውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ለማዞር ሞክሩ። ካልዞረ በቂ ነው። ያለ ቁልፍ በእጅ በሚጠብቀው ዓይነት ማንሻ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ መቋቋም ሊጀምር፣ ሲዘጋም በመዳፍ ላይ ምልክት ሊተው ይገባል። ሳይክሉን ውጭ አቁማችሁ የምትገቡ ከሆነ ያንን ማንሻ አውጥታችሁ በብሎን ተኩት፤ ኮርቻ በዚህ መንገድ ነው የሚሰረቀው።

ቢያንስ ሰኔ መግቢያና መስከረም ላይ ዘንጉ ወጥቶ ተጠርጎ ግሪሱ ይታደስ። አሉሚኒየምና ብረት እርጥበት ካገኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ከዚያ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ደግሞ ከነበረው አሉሚኒየም የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ዘንጉን ይቀረቅረዋል። ለተቀረቀረ ዘንግ ዘልቆ የሚገባ ዘይት በስንጥቁና በጠርዙ ላይ ጠብ አድርጋችሁ አሳድሩት፣ በማግስቱ ድገሙት፣ ከዚያ አሮጌ ኮርቻ አጥብቃችሁበት ወደ ቀኝና ግራ አዙሩ። እምቢ ካለ ሳይክሉ ተገልብጦ የዘንጉ ራስ በሞርሳ ይያዝና ፍሬሙ ራሱ እንደ ረጅም ክንድ ቀስ ብሎ ይዙር። ቀጭን ፍሬም ሊጣመም ስለሚችል ጉልበት አታብዙ። በእሳት ማሞቅ ብዙ ጊዜ የሚጠበቀውን አያደርግም። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሚስፋፋ ይበልጥ ይጠብቃል፤ የሚረዳው ማቀዝቀዝ ነው፣ ለምሳሌ ክፍት በሆነው ዘንግ ውስጥ በረዶ መሙላት። የመጨረሻው መንገድ ዘንጉን ከፍሬሙ በላይ ቆርጦ የቀረውን ከውስጥ በመጋዝ ምላጭ በቁመቱ መሰንጠቅ ነው፤ ፍሬሙን ላለመንካት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከፍታ

ሁለት እግሬ መሬት ካልነካ አልነዳም የሚለው ልማድ ጉልበት ይጎዳል። ሳይክል ሲቆም ከኮርቻ ወደ ፊት ወርዶ በሁለት እግር መቆም ነው፤ በኮርቻው ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም እግር መዘርጋት አይደለም። ገና የሚለማመድ ሰውና ልጅ ዝቅ ቢሉ ትክክል ነው፤ ታክሲ በሚርመሰመስበት መንገድ ለሚነዳም 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ አይከፋም። ከዚያ በላይ አይሁን።

ፈጣኑ መለኪያ ተረከዝ ነው። ግድግዳ ተደግፋችሁ ኮርቻው ላይ ተቀመጡ፣ አንዱን ፔዳል እስከ ታች አውርዱ፣ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አሳርፉ። እግራችሁ ሙሉ በሙሉ ሊዘረጋ ይገባል፣ ዳሌያችሁ ግን ወደ ጎን ሊያዘነብል አይገባም። ከዚያ በእግር መዳፍ ፊተኛ ክፍል ስትረግጡ ጉልበት በጥቂቱ ታጥፎ ይገኛል፤ ተፈላጊው ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ሁልጊዜ የምትነዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ለኩ። የስኒከር ወፍራም ሶልና የስስ ሸበጥ ልዩነት 2 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ያ ሁሉ ወደ ኮርቻው ከፍታ ይገባል።

በቁጥር መሥራት የምትወዱ ያለ ጫማ ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ፣ ወፍራም መጽሐፍ በእግሮቻችሁ መካከል ወደ ላይ ጠበቅ አድርጉ፣ ከወለሉ እስከ መጽሐፉ ላይኛ ጠርዝ ለኩ። ያንን በ0.883 አባዙ፤ ውጤቱ ከፔዳል ክንዶች መዞሪያ መሃል እስከ ኮርቻው ገጽ፣ በቀዋሚው ቱቦ አቅጣጫ የሚለካ ነው። የእግር ልክ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል። ሌላው ስሌት ሃምሌይና ቶማስ በ1967 ያቀረቡት ነው፦ የእግር ልክ 109 በመቶ፣ ከታች ካለው ፔዳል እስከ ኮርቻ። ለ80 ሴንቲ ሜትር 87.2 ይሆናል። 17 ሴንቲ ሜትር የፔዳል ክንድ ላለው ሳይክል ሁለቱ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይገናኛሉ። የትኛውም ቁጥር መነሻ ነው። ከዚያ ወዲያ በ3 ወይም በ5 ሚሊ ሜትር እየጨመራችሁ ወይም እየቀነሳችሁ በጥቂት ቀናት መካከል አስተካክሉ። ከኋላ የሚያያችሁ ሰው ዳሌያችሁ ሲወዛወዝ ካየ ከፍ ብሏል። የጉልበት ፊት ለፊት ከታመመ ዝቅ ብሏል፤ የጉልበት ኋላ ከታመመ ከፍ ብሏል።

የፊትና የኋላ ቦታ

በየሰፈሩ ግንባታ ስላለ ቱንቢ መዋስ አይቸግርም። የፔዳል ክንዶቹን ከመሬት ጋር ትይዩ አድርጉ፣ ፊተኛውን ፔዳል እንደምትነዱ ርገጡ፣ ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው እብጥ አጥንት ቱንቢ ልቀቁ። ክሩ በፔዳሉ ዘንግ መሃል ወይም ከዚያ 1 ሴንቲ ሜትር ኋላ ቢያልፍ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሕግ ግን አይደለም። ኮርቻው 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሲሄድ ከፔዳሉ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይርቃልና ያንኑ ያህል ዘንጉን ዝቅ አድርጉ። መሪው ስለራቀ ብሎ ኮርቻውን ወደ ፊት መሳብ ትክክል አይደለም፤ እርሱ የሚስተካከለው መሪውን በሚይዘው ክንድ ርዝመት ነው።

ከኮርቻው ሥር ያሉት ሁለት ሐዲዶች አብዛኛውን ጊዜ 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው። ኮርቻውን ከዘንጉ ራስ ጋር የሚያገናኘው መያዣ ሐዲዶቹን ቀጥ ባለው ክፍላቸው ላይ፣ ምልክት ካለም በምልክቶቹ መካከል ብቻ ይያዝ። መታጠፊያው ላይ የተያዘ ሐዲድ እዚያው ይሰበራል።

ዘንበልታ

አሁን ወደ አፍንጫው መጥተናል። የውሃ ልክ ወይም የስልክ ማዕዘን መለኪያ ያስፈልጋል። ሁለቱም ጎማዎች እንደወትሮው የተነፉ ይሁኑ። ወለሉ ደልዳላ መሆኑን አትመኑ፤ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው 1 ሜትር ያህል ርቀት ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ካለ ግማሽ ዲግሪ ስሕተት ይሰጣል። የጭቃም የሲሚንቶም ወለል ላይ የሚሠራ ዘዴ አለ፦ ኮርቻውን ለኩ፣ ሳይክሉን አዙራችሁ ጎማዎቹን ቦታ አለዋውጡ፣ እንደገና ለኩ። የሁለቱ አማካይ እውነተኛው ዘንበልታ ነው። አንድ ጊዜ አፍንጫው 2 ዲግሪ ወደ ላይ፣ ሌላ ጊዜ 0 ካሳየ ኮርቻው 1 ዲግሪ ወደ ላይ ነው፤ የቀረው የወለሉ ነው።

በኮርቻው ላይ ከ30 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ጠፍጣፋ ጣውላ አስቀምጡና መለኪያውን በላዩ አድርጉ። ጅራቱ ከፍ ብሎ መሃሉ በጎደጎደ ኮርቻ ላይ ግን ጣውላው ሁለቱን ጫፎች ብቻ ስለሚነካ ያሳስታል፤ እዚያ አጭር መለኪያ ይዛችሁ የምትቀመጡበትን መሃልና ፊተኛውን ክፍል ነው ደልዳላ የምታደርጉት። መለኪያ ከሌለ ቴፕ ይበቃል፦ 27 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ኮርቻ ላይ 1 ዲግሪ ማለት በአፍንጫውና በጅራቱ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት ነው።

መነሻው 0 ነው። ከዚያ በግማሽ ዲግሪ ወደ ታች መሄድ ይቻላል፤ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ድረስ የብዙ ሰው ምቾት ይገኛል። ከዚያ በላይ ካስፈለጋችሁ ወደ ከፍታው ተመለሱ፣ ኮርቻው ከፍ ብሏል ወይም መሪው ርቋል ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ለውድድር እስከ 9 ዲግሪ ይፈቅዳል፤ ያ ግን ጀርባውን ከመሬት ጋር አስተካክሎ ለሚጋልብ ተወዳዳሪ ነው፣ ቀና ብሎ ወደ ሥራ ለሚሄድ ሰው አይሆንም። አፍንጫው ሲበዛ ከወረደ ሰውነት በየፔዳሉ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ በክንድ ተገፍቶ ይመለሳል፣ ክብደቱ መዳፍ ላይ ያርፋል፣ ትንሿና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ። አፍንጫው ወደ ላይ ከሆነ ደግሞ ክብደቱ ከሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ለቆ ነርቭና የደም ሥር በሚያልፍበት ለስላሳ ቦታ ላይ ይጫናል። በዚያ አካባቢ የሚሰማ መደንዘዝ በወንድም በሴትም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በዚያው ቀን ኮርቻው ይስተካከል፣ ካልተወ ኮርቻው ይቀየር።

የእኛ መልክዓ ምድር የራሱ ጥያቄ አለው። በ100 ሜትር 8 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ ሳይክሉ በሙሉ 4.6 ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ቤት ውስጥ 0 የነበረው ኮርቻ ዳገቱ ላይ አፍንጫው 4.6 ዲግሪ ወደ ላይ ነው። ስለዚህ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ሰው 1 ወይም 2 ዲግሪ ወደ ታች ቢያደርግ ምክንያታዊ ነው። ቁልቁለቱ አያስቸግረውም፤ ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ፔዳሎቹ ላይ ነው። ከአቃቂ ወደ ገላን በሜዳው የሚነዳ ግን ይህ አያስፈልገውም።

ስፕሪንግ ያለው ሰፊ ኮርቻ ሌላ ጉዳይ ነው። ሰው ሲቀመጥ የኋላ ስፕሪንጎቹ ይወርዳሉ፣ ባዶውን ደልዳላ የነበረው አፍንጫ ይነሳል። የሚነዳው ሰው ተቀምጦ ሌላ ሰው ከጎን ይለካ፤ ወይም ባዶውን 1 እስከ 2 ዲግሪ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። የተወጠረ ቆዳ ኮርቻ ተቃራኒ ነው፤ መሃሉ ስለሚረግብ አፍንጫው በጥቂቱ ከፍ ቢል ሰውን መሃሉ ላይ ይይዛል።

ዘንበልታ ከፍታንም ይነካል። የምትቀመጡበት ቦታ ከመያዣው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ኋላ ከሆነ እያንዳንዱ ዲግሪ ወደ ታች መቀመጫችሁን 1 ሚሊ ሜትር ያነሳዋል። 3 ዲግሪ የቀየረ ሰው ከፍታውን እንደገና ይለካ።

መያዣው እንዴት ይፈታል?

በአሮጌዎቹ የብረት ሳይክሎች ላይ የዘንጉ ራስ ወደ 22.2 ሚሊ ሜትር ይቀጥናል፤ እዚያ ላይ በግራና በቀኝ ዳዶ ያለው መያዣ ይቀመጣል። 13 ወይም 14 ቁልፍ ይፈልጋል። መያዣው እስከ ቀጭኑ ክፍል ግርጌ ይውረድ፤ አግድም ብሎኑም አብዛኛውን ጊዜ ከዘንጉ ኋላ ነው የሚሆነው፤ ተገልብጦ ሲገጠም ኮርቻው ሳያስፈልግ ወደ ፊት ይሄዳል። ውስጡ ጥርስ ያላቸው ክብ ቁራጮች አሉት። ኮርቻው ከጥርስ ወደ ጥርስ ስለሚዘል በመሃል ያለውን ማዕዘን ማግኘት አይቻልም፤ ከሁለቱ የሚቀርበውን ምረጡ። ዳዶዎቹን በቂ አላልታችሁ ጥርሶቹ ተለያይተው ሳለ አዙሩ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ግራውን አንድ ጊዜ ቀኙን በሩብ ዙር እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ላልቶ የተነዳ መያዣ ጥርሱ ይሟጠጣል፤ ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር አፍንጫው ይነሳል ወይም ይወድቃል። በያጅ ጋ ወስዶ ማስበየድ የተለመደ ነው፣ ግን ከዚያ ወዲያ ምንም ማስተካከል አይቻልም። መያዣው ብቻውን ይሸጣል፤ እርሱን ቀይሩ።

ከሥር በአንድ ወፍራም ብሎን የሚያዘው ዓይነት ብዙ ጊዜ 6 አለን ቁልፍ ይወስዳል። ጠንከር ያለ ጥብቀት ይፈልጋል፤ የተጻፈበት ከሌለ 15 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር ቁልፍ ላይ 10 ኪሎ ያህል ኃይል፣ ጥሩ መነሻ ነው። አሸዋ በጎድጓዳው ገጽ ውስጥ ከገባ ስንቱንም ብታጠብቁት ይንጫጫል፣ ይንሸራተታልም። አውጥታችሁ ጥረጉ፣ የብሎኑን ጥርስ ግሪስ ቀቡ፣ ሐዲዶቹን ግን ደረቅ ተዉ። ከፊትና ከኋላ ሁለት ብሎን ያለው ዓይነት ለማስተካከል ከሁሉም የተመቸ ነው። አፍንጫውን ለማውረድ የኋላውን በሩብ ዙር አላልታችሁ የፊቱን በሩብ ዙር አጥብቁ፤ ለማንሳት በተቃራኒው። ሲያልቅ ሁለቱም እኩል ጥብቅ ይሁኑ፤ አንዱ ላልቶ ከቀረ ሌላው ይበጠሳል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ከመጀመሪያው 20 ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኖቹን ዳግም ፈትሹ፤ አዲስ የተገጠመ ነገር በኮብልስቶን ንቅናቄ ቦታውን ሲይዝ በጥቂቱ ይላላል። ከፍታውን፣ የኮርቻው አፍንጫ ከመሪው ያለውን ርቀትና ዘንበልታውን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ሳይክሉ በሚኒባስ ጣሪያ ሲጫን ወይም ለሌላ ሰው ሲዋስ ኮርቻው ይነካል፣ ያኔ ቁጥሮቹ ካሉ በአምስት ደቂቃ ይመለሳል። ምንም ቢደረግ አንድ ጎኑ የሚጎረብጥ ኮርቻ ካጋጠማችሁ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ገልብጡትና ሐዲዶቹ ላይ በአግድም ጣውላ አጋድሙ። ጣውላው ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ ካልሆነ ወይም በተለያዩ ቦታዎች ላይ ከተንቀዋለለ ሐዲዱ ጎብጧል፤ ያ ኮርቻ አይቀናም፣ ይቀየር።